የሬዲዮ ምንጭ አሳዳጅ አንቴና፤ ከዋይሊ ጓሮ እስከ ላቮን ሐይቅ ዳር

አንድ የሬዲዮ ምልክት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትልቅና ጉልበተኛ አንቴና በመፈለግ ነው። ለአቅጣጫ ፍለጋ ግን የአንቴናው ጉልበት ሁለተኛ ነገር ነው። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አንቴናው በአንድ በታወቀ ጎኑ ምንም እንዳይሰማ ሆኖ መሠራቱ ነው። ያ የማይሰማው ጎን ጠባብና ጥልቅ ከሆነ አንቴናው በአንድ እጅ የሚያዝ ቢሆን እንኳ ምንጩን ያሳያል። ካልሆነ ጣሪያ ላይ የተተከለ ግዙፍ አንቴናም «ወደዚያ አካባቢ ነው» ከማለት አያልፍም።

እንዲህ ያለው አንቴና በሰሜን ቴክሳስ በዋይሊ፣ በሳክሲ፣ በጋርላንድና በሪቻርድሰን የምትኖሩ ወገኖች በትርፍ ጊዜያችሁ፣ ይልቁንም ከልጆቻችሁ ጋር፣ ልትሠሩት የምትችሉት ነገር ነው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ሙያውም ጠቃሚ ነው። የመናገሪያው ቁልፍ ተጣብቆበት የጋራ ቻናል የዘጋ ሬዲዮ፣ በስሕተት የበራ የአውሮፕላን የአደጋ ጥሪ፣ ሰፈሩን በጩኸት የሚሞላ የተበላሸ ቻርጀር፣ ሁሉም የሚገኙት በዚህ ዘዴ ነው። አማተር የሬዲዮ ሰዎች ደግሞ ስፖርት አድርገውታል። በዓለም አቀፉ ውድድር አምስት ማሠራጫዎች ጫካ ውስጥ ይደበቃሉ፤ እያንዳንዳቸው በየአምስት ደቂቃው ዙር ለአንድ ደቂቃ ይጮኻሉ፤ ተወዳዳሪው አንቴናውን ይዞ እየሮጠ ያገኛቸዋል።

መጀመሪያ ቤት ያለውን ሬዲዮ አዙሩት

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ኤኤም የሚይዝ ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ ፈልጉ። በሆዱ ውስጥ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በሬዲዮው ርዝመት ልክ ተጋድሞ ይቀመጣል። ይህ ዘንግ ራሱ የተሟላ የአቅጣጫ አንቴና ነው። ሬዲዮውን 1080 ላይ አድርጉት። ጣቢያው ኬአርኤልዲ ይባላል፤ ጉልበቱ 50,000 ዋት ሲሆን ማሠራጫው ያለው እዚያው ጋርላንድ ውስጥ ነው። የሞገዱ ርዝመት 278 ሜትር ያህል ነው፤ ዘንጉ ግን ከእጅ ጣት ብዙም አይረዝምም። አንቴና ከሞገዱ በብዙ ሺህ እጥፍ አንሶም አቅጣጫ ሊያውቅ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ወደ ጓሮ ውጡ። ቤት ውስጥ የመብራት ሽቦውና የግድግዳው ብረት ሞገዱን ያጣምሙታል። ሬዲዮውን አግድም ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይደክማል። ጣቢያው ቅርብ ስለሆነ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ መዳከሙን ግን በግልጽ ትለያላችሁ። በዚያች ቅጽበት የዘንጉ አንደኛው ጫፍ ከዋይሊ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ጋርላንድ ይጠቁማል። ሌላኛው ጫፍ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ላቮን ሐይቅ ይጠቁማል፤ የትኛው ጫፍ ትክክል እንደሆነ ሬዲዮው ብቻውን አይነግራችሁም። የዚህን መፍትሔ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ሙከራውን በቀን አድርጉት። ሲመሽ ከሩቅ የሚመጡ የኤኤም ሞገዶች ከላይኛው ከባቢ አየር ተመልሰው ስለሚወርዱ ጎናቸውን ቀይረው ይደርሳሉ፤ የዝምታው ጎንም ይደበዝዛል። ቤሊኒና ቶሲ የተባሉ ፈልሳፊዎች የሠሯቸው ቀለበት አንቴናዎች ለመርከብ መንገድ ማሳየት ከጀመሩ በኋላ መርከበኞችን ሲያስቸግር የኖረው ይኸው የማታ ስሕተት ነበር። አድኮክ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1919 ቀለበቱን ትቶ በጥንድ የቆሙ ዘንጎች የተካው ይህን ለማሸነፍ ነው።

ለምን ዝምታውን እንጂ ጩኸቱን አንፈልግም?

ቁጥሩን እንየው። ቀለበት አንቴና አብልጦ ከሚሰማበት አቅጣጫ 20 ዲግሪ ብታዞሩት ከቮልቴጁ የሚቀንሰው 6 በመቶ ብቻ ነው፤ ግማሽ ዴሲቤል ያህል። ይህን የማንም ጆሮ አይለየውም። በዝምታው በኩል ግን ከ2 ዲግሪ ወደ 4 ዲግሪ ስትሄዱ ቮልቴጁ እጥፍ ይሆናል፤ ይህም 6 ዴሲቤል ነው፤ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። በዚህ ላይ አብዛኛው ሬዲዮ ኃይለኛውን ምልክት በራሱ ጊዜ ዝቅ፣ ደካማውን ከፍ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለው። ጩኸቱን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ይህ መቆጣጠሪያ ሁሉንም አቅጣጫ አንድ ያደርግበታል። ዝምታውን ግን ሊሸፍነው አይችልም።

ስለዚህ ስትሠሩ ልባችሁ መሆን ያለበት ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ ላይ ነው። ሁለቱ ጎኖች ከተበላለጡ የሚፈለገው ጥልቅ ዝምታ አይገኝም።

አንደኛው አንቴና፤ የጥልፍ ክብ

ለ3.5 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ፣ አማተሮች የ80 ሜትር ባንድ ለሚሉት፣ ከዚህ የሚቀል የለም። ከጥልፍ ዕቃ መደብር 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ መወጠሪያ ክብ ግዙ። በዙሪያው ፕላስቲክ የለበሰ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አራት ዙር ጠቅልሉ፤ በዙሮቹ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ሁለቱ ጫፎች በክቡ ታችኛ ነጥብ፣ አንድ ቦታ ላይ ይውጡ። እንዲህ ያለ ጥቅል 10 ማይክሮ ሄንሪ ያህል ይሰጣል። ወደ 3.55 ሜጋ ኸርዝ ለማምጣት በጠቅላላው 200 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ይፈልጋል። 150 ፒኮ ፋራድ ቋሚ ካፓሲተር አስገቡና ከጎኑ እስከ 100 የሚደርስ በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ካፓሲተር ጨምሩ። ቀጥሎ የምናለብሰው ፎይል ራሱ ጥቂት ካፓሲታንስ ስለሚጨምር ማስተካከያው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ይኑረው።

ምልክቱን ወደ ሬዲዮው የሚወስደው ሌላ አንድ ዙር ሽቦ ነው። ከአራቱ ዙሮች አጠገብ ጠቅልሉትና ጫፎቹን በኮአክሲያል ኬብሉ መሐልና ውጭ ሽቦ ላይ በስታኞ በይዱ። ካፓሲተሩን ከአራቱ ዙር ጫፎች ጋር ብቻ አገናኙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ መጣ። ክቡን በሙሉ በአሉሚኒየም ፎይል ቴፕ አልብሱት፤ ከላይ፣ ልክ ሽቦው ከሚወጣበት ነጥብ ፊት ለፊት፣ ግን አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ፎይሉን ታች ላይ ከኬብሉ ውጭ ሽቦ ጋር አያይዙት። ክፍተቱ ከሌለ ፎይሉ ራሱ የተዘጋ ዙር ይሆንና ምልክቱን ይውጠዋል። ክፍተቱ ካለ፣ ያውም በትክክል መሐል ላይ ከሆነ፣ የቀለበቱ ግራና ቀኝ ለመሬትም፣ ለእጃችሁም፣ ለኬብሉም እኩል ይታያሉ። ያለ ፎይል ቀለበቱ በከፊል እንደ ተራ ሽቦ ከየአቅጣጫው መስማቱን አይተውም፤ የዝምታው ጎንም በዚያ ይሞላል።

ተቀባዩ ሬዲዮ በብረት ሣጥን ውስጥ ይሁን። ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሬዲዮ በራሱ ሽቦዎች ይሰማል፤ አንቴናችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ልፋታችሁን ያበላሻል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ቀለበቱን በሚዞር በርጩማ ላይ አቁሙ፤ ሠላሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ደካማ ማሠራጫ ይኑር። ቀለበቱ ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ ማሠራጫው ሲያዞር ዝም ይላል፤ ጠርዙን ሲያዞር አብልጦ ይሰማል። ሁለቱን የዝምታ ነጥቦች ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ለኩ። 180 ዲግሪ መሆን አለበት። 170 ወይም 190 ከሆነ አንድ ወገን በዝቷል ማለት ነው፤ የፎይሉን ክፍተት መሐል መሆኑን፣ ሽቦዎቹ ከታች በእኩል መውጣታቸውን ተመልከቱ፤ ኬብሉንም በፌራይት ቀለበት ውስጥ ደጋግማችሁ አሳልፉት። ሁለቱ ነጥቦች ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ ወደ ሜዳ አትውጡ። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ትዕግሥት የሚገባው ይህ ፍተሻ ነው።

ከሁለቱ ተቃራኒ አቅጣጫዎች ትክክለኛውን ለመለየት ደግሞ ከቀለበቱ አጠገብ ግማሽ ሜትር የማይሞላ ቀጥ ያለ ዘንግ ይቆማል። የዘንጉ ምልክት በሞገዱ ደረጃ (ፌዝ) 90 ዲግሪ ተዛውሮ ከቀለበቱ ጋር ሲደመር በአንድ ወገን ይደጋገፋሉ፣ በሌላው ይጠፋፋሉ። በተለዋዋጭ ሬዚስተር የዘንጉን መጠን ከቀለበቱ ጋር እስኪተካከል አስተካክሉት። ዘንጉ በተጫኑት ጊዜ ብቻ በሚሠራ ቁልፍ ይግባ። መጀመሪያ ዘንጉን ሳታስገቡ የዝምታውን መስመር ያዙ፤ ከዚያ ቀለበቱን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ቁልፉን በመጫን የትኛው ወገን እንደሚበልጥ አድምጡ። ሁለቱን ሥራዎች አታደባልቁ፤ ዘንጉ የዝምታውን መስመር ያዛባል።

ሁለተኛው አንቴና፤ ከብረት ሜትር የሚሠራው

በሰሜን ቴክሳስ ለእጅ ሬዲዮ ፍለጋ ከሁሉ የሚጠቅማችሁ ይኼኛው ነው። በአሜሪካ የአማተሮች ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በ146.565 ሜጋ ኸርዝ ላይ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሦስት ዘንግ ያለው ያጊ አንቴና ለዚህ ይበቃል። ዘንጎቹ ከሚጠቀለል የብረት ሜትር ሲቆረጡ በሐይቁ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ስታልፉ ይታጠፋሉ፣ ወዲያው ተመልሰው ይቀናሉ። ይህ ሐሳብ በአማተሮች ዘንድ ለረጅም ዓመታት ተፈትኗል፤ የማውቀው የተሻለ ንድፍ የለም።

ከሃርድዌር መደብር አንድ ኢንች ስፋት ያለው የብረት ሜትር፣ ግማሽ ኢንች የፒቪሲ ቱቦ፣ ሁለት ባለ አራት አፍና አንድ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፣ ስድስት የቱቦ ማሰሪያ ፋሸታ ግዙ። ሜትሩን ስትቆርጡ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ ስለታም ነው፣ ይፈናጠራልም። ጫፎቹን አክብባችሁ በቴፕ ሸፍኑ።

የኋላው አንጸባራቂ ዘንግ 105.1 ሳንቲ ሜትር ነው። የመካከለኛው፣ ምልክቱን የሚቀበለው፣ ሁለት ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ 45.1 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው 2.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት። የፊተኛው መሪ ዘንግ 89.2 ነው። ከአንጸባራቂው እስከ መካከለኛው 20.3፣ ከመካከለኛው እስከ መሪው 31.8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጠቅላላ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ከጥቂት ነው። እነዚህን ቁጥሮች በሚሊ ሜትር ጠብቁ። የአንቴናው የኋላ ዝምታ የተሠራው ከእነዚህ ርቀቶች ነው፤ «ትንሽ ቢዛነፍ ምን አለበት» የሚባልበት ቦታ አይደለም።

በመካከለኛው ዘንግ ሁለት ቁራጮች የውስጥ ጫፍ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቁት፤ አለዚያ ስታኞ አይይዝም። ቁራጮቹን ቱቦው ላይ ከማሰራችሁ በፊት ጫፎቹን በስታኞ ቀቡ፤ ፒቪሲ ሙቀት አይችልም። ከዚያ 12.7 ሳንቲ ሜትር ወፍራም ሽቦ እንደ ፀጉር ማስያዣ አጥፋችሁ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው በይዱት። ሽቦው አጭር መስሎ ቢታይም ሥራው ትልቅ ነው፤ ሦስቱ ዘንጎች ተቀራርበው ሲቆሙ ዝቅ የሚለውን የአንቴናውን ተቃውሞ ወደ ኬብሉ 50 ኦም የሚያመጣው እሱ ነው። ኬብሉንም በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች ላይ በይዱ፤ መሐሉን ወደ አንዱ፣ ውጩን ወደ ሌላው። በመጨረሻ ኬብሉን በቱቦው ላይ ጥቂት ዙር ጠቅልሉት፣ ወይም ፌራይት አልብሱት። ይህ ካልተደረገ ኬብሉ አራተኛ ዘንግ ይሆንና የኋላውን ዝምታ ያደፈርሰዋል።

የእጅ ሬዲዮዎች በአብዛኛው ቀጥ ባለ አንቴና ስለሚያሠራጩ ዘንጎቹን ወደ ሰማይ አቁማችሁ ያዙ። አጋድማችሁ ብትይዙ ምልክቱ በእጅጉ ይደክማል፤ የሚደርሳችሁም የነጸብራቅ ትርፍራፊ ይሆናል። ፊቱ ሰፊ ነው፤ አጠቃላዩን አቅጣጫ በፊቱ ያዙ። ከዚያ አንቴናውን ገልብጣችሁ በጀርባው ጠባቡን የዝምታ መስመር ፈልጉ።

ሁለት ወይም አራት አንቴና በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ እየለዋወጡ የሚሠሩ በመኪና ጣሪያ ላይ የሚቀመጡ ዘዴዎችም አሉ። ጥሩ ናቸው፤ ለእግረኛ ጀማሪ ግን አልመክርም።

ሲቀርብ የሚመጣው ችግር

ማሠራጫው ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር ምልክቱ በሬዲዮው ሽፋን ጭምር ይገባል፤ አንቴናው ወዴትም ቢዞር አመልካቹ ሙሉ ይሆናል። መፍትሔው የ4 ሜጋ ኸርዝ ክሪስታል ያለው ትንሽ ኦሲሌተር፣ አንድ ዳዮድና ተለዋዋጭ ሬዚስተር በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል ማስገባት ነው። ዳዮዱ ሁለቱን ፍሪኩዌንሲዎች ሲያደባልቅ ምልክቱ 150.565 ላይም ይታያል፤ ሬዲዮውን ወደዚያ ታዞራላችሁ፤ መጠኑንም በሬዚስተሩ እንደፈለጋችሁ ትቀንሳላችሁ። በሽፋኑ የሚገባው ምልክት 146.565 ላይ ስለሚቀር አያስቸግርም።

መሣሪያው በእጃችሁ ከሌለ ሬዲዮውን 439.695 ላይ አድርጉ፤ የማሠራጫው ሦስተኛ እጥፍ ነው፣ እጅግ ደካማ ስለሆነም የሚሰማው ቅርብ ስትሆኑ ብቻ ነው። ወይም አጭር አንቴናውን ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ባላችሁበት ዙሩ። ሰውነት ሞገድ ይከልላል፤ ድምፁ እጅግ ሲደክም ማሠራጫው ከጀርባችሁ ነው።

በዋይሊ ሜዳ ላይ

ዋይሊ ለጀማሪ የተመቸ ቦታ ነው። ምድሩ ለጥ ያለ፣ እንደ ሸዋ መረሬ ጥቁር ጭቃ ያለው የብላክላንድ ሜዳ ነው፤ ላቮን ሐይቅም በደጁ ተዘርግቷል። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጠናቀቀ ሲሆን የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር ያስተዳድረዋል። እንደ ኢስት ፎርክ ፓርክ ካለ የውኃ ዳር ሆናችሁ በሐይቁ ላይ የምታነቡት አቅጣጫ በመካከሉ የሚያጋጥመው ነገር ስለሌለ በጣም ይታመናል።

ከተማው ውስጥ ግን ተጠንቀቁ። የውኃ ታንከር ማማ፣ የከፍተኛ ኃይል መስመር፣ የሽቦ አጥርና የቆመ የጭነት መኪና የሁለት ሜትር ሞገድን ያንጸባርቃሉ። አንድ ንባብ ከወሰዳችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ጎን ተራምዳችሁ ድገሙት። አቅጣጫው ከተዛወረ የያዛችሁት ነጸብራቅ ነው፤ ቦታ ቀይሩ። ካልተዛወረ ካርታ ላይ መስመር አስምሩ። ኮምፓሱ በዚህ አካባቢ ከእውነተኛው ሰሜን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘነብል ያንን በንባባችሁ ላይ ደምሩ። ኮምፓሱን ከብረት ዘንጎቹ ማራቅም አትርሱ።

የ5 ዲግሪ ስሕተት በ8 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 700 ሜትር ያስታል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ ነጥቡን ለማግኘት መድከም አያስፈልግም። ሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው መስመር በሰያፍ ርቃችሁ፣ መስመሮቹ በ90 ዲግሪ ገደማ እንዲቆራረጡ አድርጋችሁ ውሰዱ፤ ከዚያ ወደ መስቀለኛው ተጠግታችሁ እንደገና አንብቡ።

የሰው መሬት አትርገጡ። በቴክሳስ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ የተቀባ ሐምራዊ ቀለም «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ ጋር እኩል ሕጋዊ ኃይል አለው። መስመራችሁ እዚያ ውስጥ ከገባ በዙሪያው ሌሎች ንባቦችን ወስዳችሁ ወይ አልፎ መሄዱን አረጋግጡ፣ ወይ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ነጎድጓድ ሲሰማም ሥራው በዚያው ይቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚያዝያ ውስጥ ዋይሊን የመታው በረዶ ይህ ሰማይ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለወጥ አሳይቷል።

ለመስማትና አንቴና ለመሥራት ፈቃድ አያስፈልግም። ማሠራጫ ለመደበቅ ግን የአማተር ፈቃድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፣ 26 የመለሰ ያልፋል፤ የሞርስ ኮድ አይጠየቅም። የደበቃችሁት ማሠራጫ ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና በመጨረሻ የጥሪ ስማችሁን መናገር አለበት።

ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ያሰባችሁ ማሠራጫ ሬዲዮ በሻንጣ ከመክተታችሁ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቁ። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ስም የሚታወቅ የአማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ ስላለ ሙያውን የሚጋሩ ሰዎች እዚያም ታገኛላችሁ። አንቴናውን መሸከም ግን አያስፈልጋችሁም። የብረት ሜትሩም ቱቦውም መርካቶ ይገኛል፤ በዚያ ክፍለ ዓለም የአማተሮች ባንድ ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ስለሆነ ከላይ የሰጠኋቸውን የዘንጎች ርዝመትና ርቀቶች በሙሉ በ1.01 አባዙ፤ አንጸባራቂው 106.2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መሪው 90.1 ይሆናል።